በሎሎጎ ሰማይ ሥር፦ ኮምፒውተር ስለ ተገጠመለት ቴሌስኮፕና ስለ ሩቅ ከዋክብት ምልከታ

ከዋክብትን በገዛ ግቢው ሆኖ ለመመልከት የሚሻ ሰው ዛሬ መሣሪያ ሊገዛ ሲነሣ በመጀመሪያ የሚገጥመው ጥያቄ፣ የመስተዋቱ ስፋት ምን ያህል ነው የሚለው መሆኑ ቀርቶ፣ ቴሌስኮፑ ኮምፒውተር አለው ወይስ የለውም የሚለው ሆኗል። በዚህም ጉዳይ የሥነ ፈለክ ወዳጆች በሁለት ወገን ተከፍለው መከራከር ከጀመሩ ሠላሳ ዓመት አልፏል። አንደኛው ወገን፣ በሞተር እየተሽከረከረ የተፈለገውን ሁሉ በራሱ የሚያገኝ መሣሪያ ተመልካቹን ከሰማይ ጋር ሳያስተዋውቀው ያስቀረዋል፤ ሰው ከአንዱ ኮከብ ወደ ሌላው በዓይኑ እየተሻገረ መንገዱን ሲለምድ ነው ጠፈር ርስቱ የሚሆነው ይላል። ሁለተኛው ወገን ደግሞ፣ ጥሩ ሌሊት ጥቂት፣ የሰውም ዕድሜ ውሱን ስለ ሆነ፣ በመፈለግ የሚባክነውን ጊዜ ለማየት ማዋል ይሻላል ሲል ይመልሳል። የሁለቱም ቃል እውነትነት አለው፤ ነገር ግን ክርክሩ አብዛኛውን ጊዜ ሲካሄድ የኖረው በአውሮፓና በአሜሪካ ሰማይ ሥር ስለ ሆነ፣ በምድር ወገብ አጠገብ ለሚኖር ሰው ሚዛኑ ወዴት እንደሚያጋድል ለብቻው መመርመር ያስፈልገዋል። እኔም ጥያቄውን የምመለከተው ከጁባ ደቡባዊ ጫፍ፣ በነጭ ዓባይ ምዕራባዊ ዳር ካለችው ከሎሎጎ ሆኜ ነው፤ በዚህች ከተማ በንግድ፣ በሆቴል ሥራና በሹፍርና የሚተዳደረው ኢትዮጵያዊ ብዙ ነውና፣ ከመካከሉ ማታ ሥራውን ጨርሶ ወደ ሰማይ ቀና የሚል አይጠፋም።

የመሣሪያው አሠራር ምሥጢር የለበትም። ቱቦውን ወደ ላይና ወደ ታች፣ ወደ ግራና ወደ ቀኝ የሚያንቀሳቅሱ ሁለት ሞተሮች አሉ፤ በእጅ በሚያዘው መቆጣጠሪያ ውስጥም የብዙ ሺህ የሰማይ አካላት ስፍራ ተመዝግቦ ይገኛል። ተመልካቹ ቀኑን፣ ሰዓቱንና የቆመበትን ቦታ ካስገባ በኋላ ሁለት ወይም ሦስት ብሩህ ከዋክብትን በሌንሱ መካከል አድርጎ ሲያሳየው፣ ኮምፒውተሩ ከዚያ ተነሥቶ ሰማዩ በዚያች ደቂቃ እንዴት እንደ ተዘረጋ ያሰላል፤ ከዚያ ወዲያ በስም ወይም በቁጥር የታዘዘውን ሁሉ ፈልጎ ያነጣጥራል፣ ምድር ስትዞርም እየተከተለ ከዓይን እንዳይሰወር ይጠብቀዋል። ሚድ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ኤልኤክስ 200 የተሰኘውን ቴሌስኮፕ በ1992 እ.ኤ.አ. ካወጣ ወዲህ ይህ ችሎታ ከታላላቅ የምርምር ጣቢያዎች ወጥቶ በግለሰብ ግቢ ውስጥ ተስፋፋ፤ ተወዳዳሪው ሴለስትሮንም ኔክስታር በሚላቸው መሣሪያዎች ዋጋውን ወደ ብዙ ሰው አቀረበው። ከእነዚህ መካከል የታወቀው ኔክስታር 8 ኤስኢ የመስተዋቱ ስፋት 203 ሚሊሜትር ስለ ሆነ፣ በጨለማ እስከ 7 ሚሊሜትር ከሚከፈተው የሰው ዓይን ብሌን ይልቅ ከ800 እጥፍ በላይ ብርሃን ይሰበስባል። ይህን ብርሃን የሚሰበስበው ግን መስተዋቱ ነው እንጂ ኮምፒውተሩ አይደለም፤ ሻጮች ይህን ልዩነት ስለሚያድበሰብሱት፣ ትንሽ መስተዋት ከትልቅ ሞተር ጋር ገዝቶ የሚያዝን ሰው ብዙ ነው።

ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ክርክሩ ሌላ ገጽታ አለው። የአባቶቻችን የሰማይ ዕውቀት ከፍተኛውን ደረጃ የያዘው በስሌት በኩል ነው። በባሕረ ሐሳብ የሠለጠነ መሪጌታ አበቅቴንና መጥቅዕን አውጥቶ፣ ጾመ ነነዌ መቼ እንደሚገባና ትንሣኤ በየትኛው ዕለት እንደሚውል ለመናገር ከቤቱ ወጥቶ ጨረቃን ማየት አያስፈልገውም፤ ቁጥሩ በአእምሮው፣ ሥርዓቱም በልቡ ነው። ሙሉ ንባቡ በግእዝ ብቻ ተጠብቆ የኖረው መጽሐፈ ሄኖክም፣ ከምዕራፍ 72 እስከ 82 ባለው ክፍሉ፣ መልአኩ ኡርኤል ለሄኖክ የብርሃናትን ሥርዓት፣ ፀሐይ የምትወጣባቸውን ስድስት የምሥራቅ ደጆችና የምትገባባቸውን ስድስት የምዕራብ ደጆች፣ የዓመቱንም 364 ቀኖች እንዴት እንዳሳየው በዝርዝር ያስረዳል። እንግዲህ ሰማይን በቁጥር ማግኘት ለዚህ ሕዝብ እንግዳ ነገር አይደለም፤ መሣሪያው ስለ እኛ ያሰላል ብሎ የሚነቅፈው ሰው፣ ሊቃውንቱ በሰማይ ሥርዓት ላይ ስሌትን ሲያሠለጥኑ መኖራቸውን መዘንጋት የለበትም። ጉድለቱ ያለው በሌላው በኩል ነው። ያለ መነጽር የማይታዩትን የኮከብ ዘለላዎች፣ ኔቡላዎችና ጋላክሲዎች በትዕግሥት የመመልከት ልማድ በመካከላችን ገና አልተተከለም፤ ይህም ልማድ በዓይን የሚገኝ ስለ ሆነ ማንም ኮምፒውተር ሊሰጠን አይችልም። እኔም ቴሌስኮፖቹን የምመዝናቸው በዚህ ነው፤ ለዓይን ጊዜ የሚያተርፈውን አመሰግናለሁ፣ ዓይንን ሥራ ፈት የሚያደርገውን ግን በጥንቃቄ እቀበላለሁ።

ወደ ስፍራው እንመለስ። ሎሎጎ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 5 ዲግሪ በማይሞላ ርቀት ላይ ትገኛለች። ከዚህም የተነሣ የሰሜኑን ዋልታ የሚያመለክተው የዋልታ ኮከብ ከአድማስ በላይ የሚቆመው 5 ዲግሪ ያህል ብቻ ነው፤ ይህም ማለት በዛፍ፣ በአጥርና በአቧራ ተሸፍኖ ጨርሶ አይገኝም ማለት ነው። የድሮው ዓይነት መቆሚያ፣ ዘንጉን በዚህ ኮከብ ላይ ካላነጣጠሩት የማይሠራው፣ በዚህ ሰፈር ለተመልካቹ ጭንቅ ይሆንበታል። ኮምፒውተር ያለው ቴሌስኮፕ ግን ዋልታውን ሳይሻ በማናቸውም ብሩሃን ከዋክብት ራሱን ስለሚያስተካክል፣ በዚህ ረገድ በለንደን ወይም በቺካጎ ካለው ጥቅም ይልቅ በጁባ ያለው ይበልጣል።

ሁለተኛው የስፍራው ጸጋ ከዚህ የሚበልጥ ነው፤ ሁለቱም የሰማይ ንፍቅ ለአንድ ተመልካች ይገለጡለታል። ቻርልስ ሜሲዬ በ18ኛው መቶ ዓመት ዛሬ 110 አካላት የሚቆጠሩበትን ዝነኛ መዝገቡን ያዘጋጀው በፓሪስ ሆኖ ስለ ነበር፣ ከደቡብ ሰማይ ታላላቆቹ አንዳቸውም አልገቡለትም። ኒካላ ሉዊ ደ ላካይ በ1751ና በ1752 እ.ኤ.አ.፣ ጆን ኸርሼልም ከ1834 እስከ 1838 እ.ኤ.አ. ወደ ደቡብ አፍሪካ ጫፍ መጓዝ ያስፈለጋቸው ይህንኑ ሰማይ ለማየት ነው። የሎሎጎ ነዋሪ ግን ከበረንዳው ሳይርቅ፣ በኅዳር መጨረሻ ወደ ሰሜን ዞሮ 2.5 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት የራቀውን የአንድሮሜዳ ጋላክሲ ያያል፤ በጥር አጋማሽ ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ ደግሞ የኦሪዮን ኔቡላ ከራሱ አናት አጠገብ፣ በ80 ዲግሪ ከፍታ ቆሞ ሳለ፣ ትልቁ የማጄላን ደመና በደቡብ በኩል 16 ዲግሪ ያህል ከፍ ብሎ ይጠብቀዋል። ስለዚህ የዚህ አገር ተመልካች በመቆጣጠሪያው ላይ የሜሲዬን ቁጥሮች ብቻ እየጠራ ቢቀመጥ የሀብቱን ግማሽ ያጣል፤ ፓትሪክ ሙር በ1995 እ.ኤ.አ. ያዘጋጀው የካልድዌል መዝገብ፣ በመቆጣጠሪያው ውስጥም አብሮ የሚገኘው፣ የደቡቡን ስለሚይዝ ሁለቱን እያጣመሩ መጠቀም ይገባል።

አሁን አንድ ትንሽ ነገር ግን ብዙውን ጀማሪ የሚያሰናክል ጉዳይ በቅርበት እንየው። መሣሪያው ሲበራ ቀን፣ ሰዓትና የሰዓት ቀጠና ይጠይቃል። ቀኑ የሚጻፈው በአሜሪካኖች ሥርዓት ነው፤ ወሩ አስቀድሞ፣ ቀኑ ተከትሎ፣ ዓመቱ በመጨረሻ። ጥር 12 ቀን 2018 ዓ.ም. ምሽት ላይ የቆመ ሰው 01፣ 20፣ 26 ብሎ ማስገባት ይኖርበታል። ጥር በእኛ አቆጣጠር አምስተኛ ወር ነው ብሎ 05 ቢያስገባ፣ ኮምፒውተሩ የግንቦትን ሰማይ አስቦ ከ100 ዲግሪ በላይ ወደ ሳተ አቅጣጫ ይዞራል። ሰዓቱም እንዲሁ ነው፤ እኛ ከምሽቱ 2 ሰዓት የምንለው ለመሣሪያው 20 ሰዓት ነው፤ ከቀትር በኋላ 2 ሰዓት ብሎ የነገረው ሰው በስድስት ሰዓት ስለ ተሳሳተ ሰማዩን በ90 ዲግሪ አዙሮበታል። ከሁሉ የሚረሳው ግን የሰዓት ቀጠናው ነው። ደቡብ ሱዳን ጥር 24 ቀን 2013 ዓ.ም. ሰዓቷን በአንድ ሰዓት ወደ ኋላ መልሳ ከአዲስ አበባ ስለ ተለየች፣ በአዲስ አበባ ተስተካክሎ የመጣ ቴሌስኮፕ ወይም ከዚያ ቀደም የታተመ መምሪያ በ15 ዲግሪ ያስታል። በነገራችን ላይ ይህ ለውጥ ለተመልካች መልካም ነው፤ የጁባ ሰዓት አሁን ከፀሐይዋ እውነተኛ ሰዓት ጋር በአማካይ ከስድስት ደቂቃ ያህል የበለጠ ልዩነት ስለሌለው፣ ቀትር በእርግጥ ወደ 6 ሰዓት፣ ጀምበር መጥለቂያም ወደ 12 ሰዓት ይውላል፤ ለእኛ አቈጣጠር ከዚህ የተስማማ የሰዓት ቀጠና ማግኘት ያስቸግራል። ኬንትሮሱ ሲገባም 31 ዲግሪ ከ36 ደቂቃ ምሥራቅ መሆኑን፣ ምዕራብ የሚለው ምልክት በስሕተት እንዳይቀር መመልከት ያስፈልጋል። እነዚህ ሁሉ በትክክል ከገቡ በኋላ፣ ሁለቱን ማስተካከያ ከዋክብት በሰማይ ተራርቀው ያሉትን፣ ለምሳሌ በጥር ካኖፐስን በደቡብና ካፔላን በሰሜን መምረጥ ሥራውን ያጠናክረዋል። ከዋክብቱን በስማቸው ለይቶ የማያውቅ ሰው ግን እዚህ ላይ ይቆማል፤ መሣሪያው ሰማይን ማወቅ አያስፈልግም ቢባልለትም፣ ቢያንስ ጥቂት ብሩሃንን ማወቅ እንደሚጠይቅ በዚህ ይገለጣል። ሦስት ብሩሃንን ያለ ስም ማሳየት የሚበቃበት ዘዴም አለ፤ ቀኑና ሰዓቱ ከተሳሳተ ግን እርሱም ማስተካከሉ አልተሳካም ብሎ ይመልሳል።

የምድር ወገብ ጸጋ የራሱ ዕዳ አለው። ወደ ላይ ወደ ታችና ወደ ጎን የሚንቀሳቀስ መቆሚያ ከራስ አናት አጠገብ ያለን ኮከብ ለመከተል ሲሞክር፣ የጎኑ ሞተር በድንገት በፍጥነት መዞር ስለሚኖርበት ይስታል፤ ቱቦው ረዘም ያለ ከሆነም በመሠረቱ ላይ እንዳይጋጭ ያሰጋል። ፕሮሲዮን የተባለው ኮከብ በሎሎጎ ላይ ሲያልፍ ከራስ አናት ከግማሽ ዲግሪ አይርቅም፤ የጽጌረዳ ኔቡላም እንዲሁ በዚያው መንገድ ይሄዳል። መድኀኒቱ ቀላል ነው፤ እነዚህን አካላት ወደ አናት ከመድረሳቸው አንድ ሰዓት በፊት ወይም ካለፉ አንድ ሰዓት በኋላ መመልከት ነው።

ኮምፒውተሩ እጅግ የሚፈለግበት ምክንያት ግን በሰማዩ ጠባይ ላይ ነው። በጁባ ዝናቡ ከሚያዝያ ገደማ ጀምሮ እስከ ጥቅምት ድረስ ሌሊቱን ስለሚይዝ፣ ለምልከታ የሚተርፈው ከኅዳር እስከ መጋቢት ያለው ደረቅ ወራት ነው። በእነዚያም ወራት አንድ ጊዜ ከሰሜን የሚነፍሰው አቧራ፣ ሌላ ጊዜ ሣር ሲቃጠል የሚነሣው ጢስ አድማሱን ያጨልመዋል፤ ጨረቃ ሙሉ የምትሆንባቸውን ሌሊቶች ሲቀንሱ የሚቀረው ጥቂት ነው። ከዚህም ሌላ ከመሸ በኋላ ከከተማ ወጥቶ ጨለማ ስፍራ ፍለጋ መሄድ በጁባ ለማንም የማልመክረው ነው፤ ምልከታው በግቢ አጥር ውስጥ መሆን አለበት፣ ከሩቅ የጦር መሣሪያ ሊመስል የሚችለው ቱቦም ምን እንደ ሆነ ጎረቤትና ዘበኛ አስቀድመው ሊያውቁት ይገባል። እንዲህ ባለ ቦታ አንድ ንጹሕ ሌሊት ሲገኝ ግማሹን የደበዘዘ ጋላክሲ ፍለጋ ላይ ማጥፋት ያሳዝናል። የአጠገብ ቤት መብራት ሰማዩን በሚያነጣበት ግቢ፣ ከኮከብ ወደ ኮከብ መሻገሪያ የሚሆኑት ትንንሾቹ ከዋክብት ስለማይታዩ፣ የድሮው ዘዴ ራሱ መንገዱ ይዘጋበታል። እዚህ ላይ ለኮምፒውተሩ ያለ ማመንታት እፈርዳለሁ።

ስለ ኤሌክትሪክ አጭር ቃል ይበቃል። መሣሪያው የሚሠራው በ12 ቮልት ነው፤ በውስጡ የሚገቡት ትንንሽ ባትሪዎች ቶሎ ያልቃሉ፣ የፀሐይ ኃይል የሚጠቀም ቤት ግን ባለ 12 ቮልት ባትሪ ስላለው፣ የአዎንታዊውንና የአሉታዊውን ጫፍ ሳያሳስት ከዚያ መቀጠል ይችላል። ጄኔሬተር አጠገብ ግን መቆም አይገባም፤ ንዝረቱም ጢሱም ምስሉን ያበላሸዋል።

ይህ ሁሉ ተዘጋጅቶ ቴሌስኮፑ በታዘዘበት ላይ ከቆመ በኋላ ምን ይታያል? ሥራው የሚጀምረው ከዚህ በኋላ ነው። በመጽሔትና በስልክ ላይ ያየነውን ቀይና ሰማያዊ ቀለም የሚጠብቅ ሰው በሌንሱ ውስጥ ግራጫ ጢስ የመሰለ ነገር ሲያይ ተታለልኩ ብሎ ዞር ይላል። ዓይን ጨለማን የሚለምደው ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ቆይቶ ነው፤ በዚያ መካከል አንድ ጊዜ ስልክ ያበራ ሰው እንደ አዲስ ይጀምራል፣ ስለዚህም የሚያስፈልገው ደብዛዛ ቀይ መብራት ብቻ ነው። ደብዛዛውንም አካል ፊት ለፊት ሳያፈጡ ትንሽ ወደ ጎን ዐይቶ መመልከት ይገባል፤ በዓይናችን ጓዳ መካከል ያለው ክፍል ቀለምን እንጂ ደካማ ብርሃንን አይቀበልምና። እንዲህ አድርጎ የኦሪዮን ኔቡላን በትዕግሥት የተመለከተ ሰው፣ በመጀመሪያ ደቂቃ አንድ ነጭ ነጥብ መስሎ የታየው በአምስተኛው ደቂቃ አራት ከዋክብት ሆኖ ሲከፈል፣ በዙሪያውም ያለው ብርሃን እንደ ተዘረጋ ክንፍ እየሰፋ ሲሄድ ያስተውላል፤ ይህ ብርሃን ከዚያ የተነሣው ከ1,300 ዓመት በላይ አስቀድሞ ነው። በመጋቢት መጨረሻ ዝናቡ ሊገባ ሲል፣ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ላይ በደቡብ በኩል ወደ 38 ዲግሪ የሚደርሰው ኦሜጋ ሴንታውሪ ደግሞ፣ ኤድመንድ ሃሌይ በ1677 እ.ኤ.አ. ከቅድስት ሄለና ደሴት ሆኖ የመዘገበው፣ 10 ሚሊዮን ያህል ከዋክብት በአንድ ላይ የታጨቁበት ዘለላ ነው። በባዶ ዓይን የደበዘዘ ኮከብ ይመስላል፤ በ203 ሚሊሜትር መስተዋት ግን ዳር እስከ ዳር ወደ ጥቃቅን ነጥቦች ይበተናል፣ መካከሉም ቢሆን በከዋክብት ይሞላል። ይህን ያየ ሰው ቴሌስኮፑ በምን ዘዴ እንዳገኘው አይጠይቅም።

የመሣሪያውን ጉድለት ደግሞ መሸሸግ አይገባም። ኔክስታር 8 የመሳሰሉት የመስተዋታቸው ብርሃን የሚጓዝበት ርቀት ከ2 ሜትር ስለሚበልጥ የሚያሳዩት የሰማይ ክፍል ጠባብ ነው፤ 3 ዲግሪ የሚሰፋውን አንድሮሜዳ ወይም 2 ዲግሪ የሚሆነውን የካሪና ኔቡላ በአንድ ጊዜ መያዝ አይችሉም። ዋጋውም ከባድ ነው፤ ያንኑ ያህል መስተዋት ያለው፣ ጆን ዶብሰን በቀላል እንጨት የፈለሰፈው ዓይነት በእጅ የሚገፋ ቴሌስኮፕ ከግማሽ ባነሰ ገንዘብ ይገኛል፤ የሚያሳየውም የሰማይ ክፍል ይበልጥ ሰፊ ነው።

በ2023 እ.ኤ.አ. በገበያ ላይ የዋለው ሲስታር ኤስ 50 የመሰለው ሌላ ዓይነት ደግሞ ጭራሹን የዓይን ሌንስ የለውም፤ 50 ሚሊሜትር ብቻ በሆነ ሌንሱ የአሥር ሰከንድ ፎቶዎችን እያነሣና እየደራረበ ባለቀለም ምስል ወደ ስልክ ይልካል። ብዙ ልጆች በአንድ ጊዜ የሚማሩበት ትምህርት ቤት ቢሆን ይህን እመርጥለታለሁ፣ አቧራና የጎረቤት መብራትም ያን ያህል አያሸንፉትም። ለብቻው የሚመለከት ሰው ግን ስልኩን እያየ ሌሊቱን ቢያሳልፍ፣ ያ ጥንታዊ ብርሃን ዓይኑን ሳይነካው ስለሚያልፍ፣ ዋናው ነገር እንደ ቀረበት አምናለሁ።

በእነዚህ መካከል አንድ ሦስተኛ መንገድ አለ፤ ብዙም አልተወራለትም። ሴለስትሮን ስታርሴንስ ኤክስፕሎረር ባለው ዘዴ የተመልካቹ ስልክ በቱቦው ላይ ታስሮ የሰማዩን ፎቶ ያነሣል፣ የከዋክብቱን አቀማመጥ ከመዝገቡ ጋር አመሳክሮ ቴሌስኮፑ የት እንዳነጣጠረ ይናገራል፤ በመስኮቱም ላይ ቀስት እያሳየ ተመልካቹ በእጁ ገፍቶ እንዲደርስ ይመራዋል። ሞተር የለም፣ የ12 ቮልት ባትሪ አያስፈልግም፤ ቀንና ሰዓት፣ ኬክሮስና ኬንትሮስ ስልኩ ራሱ ስለሚያውቅ የጥርና የግንቦት ስሕተት ጨርሶ ይቀራል። ከ2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ባለ 203 ሚሊሜትር መስተዋት ከሆነ የዶብሰን ዓይነት ቴሌስኮፕ ጋር ተጣምሮ ይሸጣል። ተመልካቹ በእጁ እየገፋ ስለሚሄድ በመንገዱ ላይ ያሉትን ከዋክብት ማየቱ አይቀርም፤ ሁለቱ ወገኖች ሲከራከሩ የነበረውን ጥቅም በአንድነት ያገኛል ማለት ነው። ለሎሎጎ ግቢ፣ በተለይም ኤሌክትሪክ ለማያስተማምንበት ቤት፣ ፍርዴ በዚህ ላይ ነው። ዋጋው ለአንድ ሰው ቢከብድ፣ ለዕቃና ለመኪና ዕቁብ መጣል የለመደው ወገናችን ለዚህም ቢሆን ተባብሮ አንድ መግዛት አያቅተውም፤ ቴሌስኮፕ ከብዙ ዓይን ጋር ቢካፈሉት የማይጐድል ዕቃ ነው።

በአገር ቤት ነገሩ ሌላ መልክ ይዟል። በ1996 ዓ.ም. የተመሠረተው የኢትዮጵያ ስፔስ ሳይንስ ሶሳይቲ ባነሣሣው ጥረት፣ በእንጦጦ ተራራ ላይ 1 ሜትር ስፋት ያላቸው ሁለት ቴሌስኮፖች የተተከሉበት የምልከታ ጣቢያ በ2007 ዓ.ም. ሥራ ጀምሯል፤ የአዲስ አበባ ብርሃን እየተስፋፋ ስለ መጣ ግን ለወደፊቱ በላሊበላ አካባቢ ባሉት ረጃጅም ተራሮች ላይ ሌላ ለመሥራት ታስቧል። ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. የቀለበት ቅርጽ ያለው የፀሐይ ግርዶሽ ከደቡብ ሱዳን አልፎ በላሊበላ ላይ ሲታይ ሕዝቡ ለዚህ ጥበብ ያሳየው ፍቅር ግልጽ ሆኗል። ትልቁ ጣቢያ ግን ለተማሩት ነው፤ ልማዱ የሚተከለው በግቢ ውስጥ ነው።

ለጀማሪ ኢትዮጵያዊ የመጀመሪያ ዒላማ አንድ ኮከብ ልጠቁም። ዓለም አቀፉ የአስትሮኖሚ ኅብረት በ2019 እ.ኤ.አ. መቶኛ ዓመቱን ሲያከብር ለየአገሩ አንድ ኮከብና አንድ ፕላኔት እንዲሰይም ዕድል ሰጥቶ ነበር፤ ኢትዮጵያም ኤችዲ 16175 የተባለውን፣ በአንድሮሜዳ ክበብ ውስጥ ወደ 200 የብርሃን ዓመት ርቆ ያለውን ኮከብ ቡና፣ ፕላኔቱን ደግሞ አቦል ብላ ሰይማለች። ኮከቡ በባዶ ዓይን አይታይም፤ በትንሽ ቴሌስኮፕ ግን ያለ ችግር ይገኛል። በመቆጣጠሪያው የአድራሻ ማስገቢያ ላይ 2 ሰዓት ከ37 ደቂቃ፣ ሰሜን 42 ዲግሪ ከ4 ደቂቃ ብሎ መስጠት ነው። በታኅሣሥ መጀመሪያ ሳምንት ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ በሰሜን በኩል ወደ 53 ዲግሪ ከፍታ ይደርሳል፤ አቦልን ግን የትኛውም የግቢ ቴሌስኮፕ አያሳይም፣ መኖሩ የታወቀው በኮከቡ መወዛወዝ ብቻ ነውና።